አውራ ጣት

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ኩሳ ወንዝ ጎድሏል፤
ባስ ትናንሽ ዓሣ እያሳደደ ወደ ዳር ወጥቷል፤
እንዲህ ባለ ጠዋት ሱቄ ሰው ይሞላል።
ደልማር ስፒቪ ግን ገበያው እስኪበርድ ቆየ፤
መደርደሪያውን ሁሉ ሁለት ጊዜ አየ፣
ቀኝ እጁ ከኮቱ ኪስ እንዳልተለየ።

«ማጠንጠኛ ነበር፣ ሚስ ሉዴል» አለኝ አንገቱን ደፍቶ፣
«የድሮው ዛገና... ከረመ ተረስቶ።»

አምስቱን አወጣሁ፤ መስታወቱን ወልውዬ ደረደርኩ፤
ሃያ ዓመት ያልኩትን ዛሬም ማለት ጀመርኩ፦

«ይኼ ስምንት ለአንድ ነው፤ እጀታውን አንዴ ስታዞረው
እንዝርቱ ስምንቴ ይሾራል፤ የሚቀድመው የለም፣ ዓሣም ሆነ ሰው።
ይኼኛው ስድስት ለአንድ፤ ልቡ ያልቆረጠ ሰው ይገዛዋል።
ያ ጥግ ያለው አምስት ነው፤ ቀርፋፋ፣ ግን ከጥልቅ ይጎትታል።
ይኼን ደግሞ እየው፤ አሥር ኩሽኔታ! እፍ ስትለው ይዞራል፣
እስኪቆም ድረስ ሰው አባታችን ሆይን ይጨርሳል።»

ፍጥነቱን ስነግረው ዝም። ኩሽኔታውን ስነግረው ዝም።
ዋጋ እንኳ አልጠየቀም!
የስፒቪ ዘር ሳይከራከር ካልሲ አይገዛም።

«ፍሬኑስ?» አለ በመጨረሻ።
ጎኑ ላይ ያለውን የማግኔት ቁልፍ አዞርኩለት፣ ከዜሮ እስከ አሥር።
«አሥር ላይ ቢሆንስ? ብቻውን ይይዛል? ሰው ሳይጨመር?»

«ማግኔት ያግዛል፤ ግን ነፋሱን አያውቅም፤
ማጥመጃው ውሃ ሲነካ አይሰማም፤
እንዝርቱ በጊዜ ካልቆመ ክሩ በላይ በላዩ ይተረተራል፣
ውሉ የጠፋ ልቃቂት ይሆናል፤
የወፍ ጎጆ እንለዋለን። ያን የሚያስቀረው
አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አውራ...»
ቃሌን ሳልጨርስ እጁን ከኪስ አወጣ፤
አራት ጣት ብቻ ነው ተከትሎ የመጣ።

ሰኔ ላይ። እንጨት መሰንጠቂያው። የጥድ ግንድ። እርጥብ ጓንት።
ይህን ያህል ነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅሁት።
አራቱ ጣቶቹ ግን፣ አውራው እንደሞተበት ቀፎ፣
መስታወቱ ላይ ይርመሰመሳሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ አርፎ።

«ክፍት እንዝርት ያለው አለ» አልኩት፤ «እሱ አውራ ጣት አይሻም።»
«እሱንማ ለልጅ ልጄ ገዛሁላት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእሷ ጋር አልፎካከርም።»

ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ ትዝ አለኝ፤
ይኼ ሰው አርባ ዓመት፣ እንዳባቱ፣ በቀኙ ሲወረውር፣
ዘንጉን ወደ ግራው ሲያሻግር፣
ተመልሶ በቀኙ ሲያጠነጥን ነው የኖረው።
«በግራህ ወርውር። ዘንጉም እዚያው ግራህ ላይ ይዋል፤
ቀኝህ እጀታውን ለማዞር አራት ጣት ይበቃዋል።»
አምስት ለአንዱን አነሳሁ፤ ርካሹን፣ አቧራ የጠጣውን፣
የእጀታው ጉብ እንደ ዋልነት የሚያህለውን።
(ባለ አሥር ኩሽኔታው መብራት ሥር ቀረ፤
የወሩ ትርፌ እሱ ነበረ።)

ከሱቁ ኋላ፣ ጠጠሩ ላይ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ አለ።
መንጠቆ የሌለው እርሳስ አስሬ ሰጠሁት። ወረወረ፤
እርሳሱ እግሩ ሥር ወደቀ፣ ክሩ እንዝርቱ ላይ ተከመረ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤
ደልማር ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ፣ ዘለላ በዘለላ ሊፈታ፤
እጄን በላኝ፤ ክንዴን አጣምሬ ቆምኩ አንድ አፍታ፣ ሁለት አፍታ፣
ግማሽ ሰዓት።

ሁለተኛውም ጎጆ። ሦስተኛው ግማሽ ጎጆ።
በአምስተኛው እርሳሱ ዝቅ ብሎ በረረ፤
ከጎማው አንድ ክንድ ሲቀረው
የግራ አውራ ጣቱ ክሩን ዳበስ አደረገው፤
እንዝርቱ ጸጥ።

አልሳቀም። ጎማውን እያየ አጠነጠነና
«ስንት ነው?» አለኝ።
ነገርኩት።
«ለዚህ ቀርፋፋ? አቧራውንም ጭምር ነው የምትሸጭልኝ?»
አሥራ ሁለት ዶላር አስቀነሰኝ።

አመሻሽ ላይ ሱቁን ዘግቼ፣ የራሴን ዘንግ ይዤ፣
መንገዱን ግራ ቀኝ አየሁ፤ ማንም የለም።
በግራዬ ወረወርኩ።
ጎጆ።
ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳልፈታው ጨለመ።